የሚተነፍሰው ጎተራ

«ግድግዳው ይተነፍሳል» የሚል ሰው ስሰማ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ግድግዳ አይተነፍስም። ሳንባ የለው፣ አፍንጫ የለው! አየር በቀዳዳው ይገባል፣ በቀዳዳው ይወጣል፤ ሲሞቅ ወደ ላይ፣ ሲበርድ ወደ ታች፤ ሲሄድም እርጥበት ተሸክሞ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ይህን ስማር ወጣትነቴን ጨርሻለሁ፣ የምኖረውም በዚሁ ነው። ከሃይፋ ወደብ ወደ ክርያት ሞጽኪን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከፋብሪካዎቹ ጢስ ሥር፣ አንዲት ትንሽ የእህል ምርምር ጣቢያ አለች። እዚያ በተከማቸ እህል ውስጥ ሙቀትና እርጥበት እንዴት እንደሚዘዋወር እለካለሁ። ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «እህል ውስጥ ያለ አየር እጠብቃለሁ» እላለሁ። ይስቃሉ። ይሳቁ።

ላስረዳ፤ ከባድ አይደለም። ሽምብራ የሞላ አንድ ትልቅ ዕቃ አስቡ። ሰው ሲያየው ሙሉ ነው ይላል፤ አይደለም። በፍሬና በፍሬ መካከል ክፍተት አለ፣ ክፍተቱ ውስጥ አየር አለ፣ አየሩ ውስጥ ደግሞ ከፍሬው የወጣ እርጥበት አለ። እህሉ በበጋ ሞቆ ይገባል። የሃይፋ ክረምት ሲመጣ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፤ በግድግዳው በኩል ያለው አየር ይከብድና ወደ ታች ይወርዳል፣ መሐል ያለው ሞቃቱ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል። ማራገቢያ የለም፣ ሞተር የለም፤ በራሱ ይዞራል። ሲዞር ከመሐል እርጥበት ይለቅማል፣ ላይ ሲደርስ ቀዝቃዛ ክዳን ያገኘዋል፣ የተሸከመውን እዚያ ይጥላል። አንድ ጠብታ ዝናብ ሳይገባበት የላይኛው እህል ይረጥባል፣ ይበቅላል፣ ይሻግታል። ይህን ትንሽ ልጅ ይረዳዋል። የጣቢያችን አለቃ ግን ፕሮፌሶር ነው።

ስለ ሰውዬው ልናገር። ሰዎች «መጥፎ ሰው አይደለም» ይላሉ። እኔም መጥፎ ነው አልልም፤ መጥፎ ለመሆን መጀመሪያ ሰው ማየት ያስፈልጋል፣ እሱ ሰው አያይም። አንድ ጊዜ ኢትዮጵያን ለዕረፍት ጎብኝቶ ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ የሚል ቃል በሰማ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። እኔን ሲያይም ያደርጋል። ማተሚያ ማሽኑ ጋ ስንገናኝ፣ ሊፍት ውስጥ ስንገባ፣ እጁ ደረቱ ላይ ናት። እኔ በልጅነቴ ከኢትዮጵያ መጥቼ፣ ኔቬ ዮሴፍ የሚባል የሃይፋ ሰፈር አድጌ፣ እንደማንኛውም ሰው ወታደር ሆኜ፣ ከሱ ጋር ዓመታት የሙቀት ስሌት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ለሱ ግን ከሙዚየም አምልጬ የመጣሁ ነኝ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ «የእናንተ ሰዎች እህል በምን ነበር የሚያስቀምጡት?» አለኝ። «በጎተራ» አልኩት። እንጨት ተጠላልፎ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ በሣር ተከድኖ። ዓይኑ በራ። «ግድግዳው ይተነፍሳል!» አለ። ይህን ቃል ከየት እንዳመጣው እንጃ። ከዚያ «አባትሽ መሥራት ያውቃል?» ሲለኝ፣ «እሱን ራሱን ጠይቀው» አልኩት። ማሾፌ ነበር። ሰውዬው ሹፈት አይገባውም። በማግስቱ ኔቬ ዮሴፍ አባቴ ቤት ከች አለ።

አባቴ ጎተራ ኖሯቸው አያውቅም። ቀጥቃጭ ነበሩ። ጎንደር አካባቢ፣ በሰው መሬት ተጠግተው፣ ወናፍ እየነፉ ማረሻና ማጭድ ይሠሩ ነበር። ባለ መሬቱ ቀን ማጭዱን ይወስዳል፣ ማታ «ቡዳ ነው» ብሎ ልጆቹን ይሰበስብባቸዋል። የድካማቸውን እህል እስኪሰፍርላቸው ድረስ ጎተራው ደጃፍ ይቆማሉ። ጎተራን የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ ከደጅ ቆመው። ሃይፋ ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ወደቡ አጠገብ ያለ ፋብሪካ ሲጠርጉ ኖሩ። ቀጥቃጭ እንደነበሩ አንድ ቀን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም፤ እኔ የሰማሁት ከእናቴ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። እዚህ አገር ማንም ቡዳ አይላቸውም። ቢሆንም የተደበቀ ነገር ተደብቆ ቀረ።

ፕሮፌሶሩ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ወጣ። አባቴ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ኖር፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያሉ የራሳቸውን ቦታ ለቀቁለት። እሱ ቁጭ አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ ባለ ነጭ ጢሙን አባቴን «አንተ» እያለ ነበር የሚጠይቃቸው፣ እኔም አንቱ እያደረግሁ እተረጉማለሁ። «ጎተራ ይሠሩ ነበር ወይ ይላል» አልኩ። ጨርሼ ወደ ሻይ ልሄድ ነበር፤ መልሱ «የለም» ነዋ!

«እንዴታ!» አሉ አባቴ።

ክው አልኩ። ቀጠሉ። «የኔ ጎተራ፣ አገር ያወቀው ነበር። ሁለት ሰው ቢቆምበት የማይሞላ» አሉ። ቁመቱን በእጃቸው አሳዩ፣ ልስኑን አሳዩ፣ የታችኛውን የማውጫ ቀዳዳ አሳዩ። የሚያወሩት የባለ መሬቱን ጎተራ ነው፤ ያንን ደጃፉ ላይ የቆሙበትን። «አባዬ፣ ምን እያሉ ነው?» አልኳቸው በአማርኛ። «ተርጉሚ» አሉኝ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ። ተረጎምኩ። ምን ልበል? ሰውዬው እንባ አቅርሮ ተነሳ።

ከሄደ በኋላ ወጥ ቤት ገብቼ ጠበቅኋቸው። «ለምንድን ነው የዋሹት?» አልኳቸው።

«ቤቴ ድረስ የመጣን ትልቅ ሰው ባዶ እጁን ልስደደው?»

«አላውቅም ቢሉት ምን ይሆናል? ይሞታል?»

«ነውር ነው። ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ።»

ይኸውላችሁ፣ የኛ ሰው። ይሉኝታ! ሰው ደረጃ ስለወጣ ብቻ ያልነበረ ጎተራ ይሰጠዋል። የታክሲ ሹፌር መንገድ ሲጠይቃቸው እንኳ፣ ባያውቁትም «በዚህ በኩል ነው» ብለው የሚልኩ ሰዎች ናቸው። «እና እንዴት ሊሠሩት ነው?» አልኩ። «አይቼዋለሁ። ስንት ጊዜ ፊቱ ቆሜ» አሉኝ። «ማየት መሥራት ነው እንዴ?» ስላቸው፣ «አንቺስ እዚያ ስታዪ አይደል የምትውይው?» አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ባለ ጎተራ ብባል ማንን እጎዳለሁ?» አሉ።

ማንንም። ካልተሳካ ግን የሚጎዱት እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ምኩራብ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ፣ ሥራቸው ወሬ ነው። እህሉ ቢበላሽ «ባለ ጎተራው መጡ» እየተባሉ ሊኖሩ ነው። እሳቸው ደግሞ ከዚያ አግዳሚ ወንበር ሌላ መዋያ የላቸውም።

ሥራው በጣቢያው ግቢ ተጀመረ። አባቴ ብቻቸውን አልመጡም፤ የወንበሩን ሽማግሌዎች በሙሉ በደቦ ይዘው መጡ። ይህን ሳይ ልቤ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ከነዚያ ሰዎች አንዱ እንኳ ጎተራ የነበረው የለም! ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ግንበኛ፣ በሰው መሬት የኖረ ሁላ፣ አሁን እጅጌውን ጠቅልሎ «የኛ እንኳ ከዚህ ይሰፋ ነበር» ይላል። አንዱ ጭቃው ቀጠነ ይላል፣ አንዱ ወፈረ ይላል፣ ሦስተኛው «በኛ አገር በአመድ ነበር» ይላል። ሁሉም የአባቴን ቀጥቃጭነት ያውቃሉ፣ አባቴም የነሱን ሽመና ያውቃሉ፤ ማንም ማንንም አያጋልጥም። ፕሮፌሶሩ በዙሪያቸው እየዞረ ፎቶ ያነሳል። እበቱን ከላም ማርቢያ በፕላስቲክ በርሜል ሲያስመጣ እንዴት እንደተደሰተ! ሰው በእበት እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም።

«ትልቅ ይሁን» አለ። በፎቶ እንዲታይ ነው። እህሉ በጨመረ ቁጥር አየሩ የሚሄድበት ቦታ ይጨምራል ብዬ ነገርኩት። «ግድግዳው ይተነፍሳል» አለኝ። የደኅንነት ኃላፊው ደግሞ መጥቶ የሣር ክዳን እሳት ይይዛል ብሎ ከለከለና ቆርቆሮ ተደረገበት። ቆርቆሮ! በክረምት ማለዳ እጅ የሚያቆረፍድ ቆርቆሮ! «ይህ ክዳን እርጥበቱን ሁሉ ይሰበስበዋል» አልኩ። «ቤሰደር፣ ቤሰደር» አለኝ፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ እንደ ዝንብ እያባረረኝ። እህሉስ? ጤፍ ይሁን አልኩ። ጤፍ ደቃቅ ነው፤ ፍሬው እርስ በርሱ ስለሚጠጋጋ አየሩ መሄጃ አጥቶ ባለበት ይቆያል። ሽምብራ ግን ፍሬው ትልቅ፣ ክፍተቱ ሰፊ፣ አየር እንደልቡ የሚንሸራሸርበት ነው። ሰውዬው ሽምብራ መረጠ። ቀለሙ ያምራል አለ። ለቀለም! ስንት ዘመን የተማረበትን ነገር ለቀለም ሸጠው።

እኔ መለኪያዎቼን ከታች እስከ ላይ ቀበርኩ፣ አባቴ አናቱን ዘጉት፣ በፀደይ በዓል ተደርጎ እስኪከፈት ድረስ ማንም እንዳይነካው ተባለ።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ከባሕሩ እየተነሳ ግቢውን ደበደበው። አባቴ በየጊዜው አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጡና በጎተራው ዙሪያ ይዞራሉ፣ የተሰነጠቀ ካለ በጣታቸው ይለስናሉ። አላፈሰሰም። አንድም ቦታ አላፈሰሰም። መለኪያዎቹ ግን የኔን ነገር ነው የሚናገሩት፤ መሐሉ እንደሞቀ፣ ጎኑ ቀዝቅዟል፣ አናቱ ላይ ያለው እርጥበት እየጨመረ ይሄዳል። ልክ እንዳልኩት። ደስ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። ልክ መሆን እንዲህ የሚያስጠላበት ጊዜ አለ።

ለፕሮፌሶሩ ነገርኩት። «ላዩ እየሻገተ ነው። አሁን እንክፈተውና አየር እናስገባ፣ የረጠበውን እናውጣ፣ ሌላው ይተርፋል» አልኩት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ስደጋግምበት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አባትሽን እመኚ» አለኝ። እኔን! ስለ አባቴ!

ለአባቴም ነገርኳቸው፤ መቼም አልቀረልኝም። ቤታቸው ሄጄ ቁጭ አልኩና እንዲህ እንዲህ ነው አልኳቸው።

«ከላይ ነው ከታች?»

«ከላይ።»

«ቆርቆሮው አፈሰሰ?»

«አላፈሰሰም። ከራሱ ከእህሉ የወጣ እርጥበት ነው። አየሩ ነው ተሸክሞ የወሰደው።»

«የልስኑ ጥፋት አይደለም?»

«አይደለም አባዬ። ልስንዎ ደህና ነው።»

ትንሽ ፊታቸው ፈካ አለና መልሶ ጠቆረ። «ሰውዬው ያውቃል?» አሉ። «ነግሬዋለሁ» አልኩ። «ምን አለ?» ልደብቃቸው አስቤ ነበር፣ አልሆነልኝም። «አባትሽን እመኚ አለኝ» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ «ምነው ያን ቀን አፌን በቆረጠው» አሉ። ልቤ ስፍስፍ አለ፤ ቢሆንም ያ የደረጃ ወሬ ትዝ አለኝና ተናደድኩ። እንዲህ ነኝ እኔ፣ ሳዝንም እየተናደድኩ ነው።

የመክፈቻው ቀን ደረሰ። ወንበር ተደረደረ፣ ጭማቂ ቀረበ፣ ከከተማው መስተዳድር ሰዎች ተጠሩ፣ ሽማግሌዎቹ ነጭ በነጭ ለብሰው በአውቶቡስ እንዲመጡ ተደረገ። አባቴ ግን ከሁሉም ቀድመው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ጠዋት ከኔ ጋር መጡ። ግቢው ስንገባ ቆርቆሮው ተነስቷል። ፕሮፌሶሩ መሰላል ላይ ቆሞ አንድ የጣቢያውን ሠራተኛ ያዛል፤ ሠራተኛው በአካፋ እየዛቀ ጥቁር የቆሻሻ ከረጢት ይሞላል። ሽታው ከበሩ ተቀበለን። እየተያያዘ የሚወጣ፣ የበቀለ፣ አረንጓዴ ጸጉር ያበቀለ ሽምብራ። ከረጢቶቹን ከመጋዘኑ ጀርባ ወረወሯቸው። ከሥር ያለው ደህናው፣ ቢጫው ሽምብራ እንደ አዲስ ላይ ሆነ።

ሰውዬው ከመሰላሉ ሲወርድ አየን። ቅንጣት አላፈረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ አባቴን ጠቀሳቸውና «ሁሉም ቤሰደር» አለ፣ ሁሉም ደህና ነው ማለቱ።

አባቴ በልብሳቸው ላይ የሌለ አቧራ አራገፉና የተሰጣቸው ወንበር ላይ ሄደው ተቀመጡ። እኔ አጠገባቸው ቆምኩ። ተርጓሚም ነኝ፣ ልጅም ነኝ፣ የጣቢያው መሐንዲስም ነኝ፤ ሦስቱም በአንድ አፍ።

እንግዶቹ ሞሉ። ፕሮፌሶሩ ንግግሩን ጀመረ። ግድግዳው ተነፈሰ፣ በእርግጥ ተነፈሰ፤ ስንቴ እንደተነፈሰ እግዜር ይቁጠረው። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ ጥበብ አለ። «እኛ በኮምፒዩተር የምንለፋበትን፣ ይህ ሰው በእጁ ያውቀዋል» አለ። ሽምብራውን በእፍኙ ዘግኖ አሳየ። ደረቅ ነው፣ ንጹሕ ነው። ሰዉ «ዋው» አለ። መለኪያዎቼ እዚያው እህሉ ውስጥ እንደተቀበሩ ናቸው፤ አንድ ሰው እንኳ ዞር ብሎ አላያቸውም። ከዚያ ማይክሮፎኑን ለአባቴ ሰጣቸው።

አባቴ ቆሙ። የሽማግሌዎቹን ረድፍ አንድ በአንድ አዩና ተናገሩ።

«እኔ ጎተራ ሠርቼ አላውቅም» አሉ። «ኖሮኝም አያውቅም። ቀጥቃጭ ነኝ። ማረሻ የምሠራ፣ ማጭድ የምሠራ ቀጥቃጭ ነኝ። ጎተራ የሰው ነው፣ እኔ ደጁ ነው የቆምኩት። ይህ ሰውዬ ቤቴ ሲመጣ አሳፍሮኝ አዎ አልኩት። ይህ እህል ከላይ ሻግቷል፤ ዛሬ ጠዋት ዝቀው ከመጋዘኑ ጀርባ ጥለውታል። ልጄ ይሻግታል ብላ ነበር። እኔ ቀጥቃጭ ነኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነጠላውን አፉ ላይ አደረገ። ይህን ቃል፣ ቀጥቃጭ የሚለውን፣ በአደባባይ ሲናገር የሰሙት ሰው የለም፤ እኔም አልሰማሁም። ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን እዚያ ሁሉ ሰው ፊት አወጡት። ቀጥ ብዬ ተረጎምኩ። አንድ ቃል አልጨመርኩም፣ አንድ ቃል አልቀነስኩም። ከረጢቱንም፣ መጋዘኑንም፣ ሁሉንም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አጥርቼ ዕብራይስጥ የተናገርኩ አይመስለኝም።

አሁን ይፈርሳል አልኩ፣ አሁን ይህን ሰውዬ መሬት ተከፍታ ትውጠዋለች። ፕሮፌሶሩ ግን ተነሳ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ እንባው ዓይኑን ሞልቶታል። «ሰማችሁ? ሰማችሁ ትሕትናውን?» አለ። «እውነተኛ አዋቂ እንዲህ ነው። አላውቅም ይላል!» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። የከተማው ሰዎች ተቀበሉት። ቆመው አጨበጨቡ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጠረገች። ሽማግሌዎቹም ሁሉም ሰው ቆሞ እነሱ ቢቀመጡ ነውር መሰላቸውና፣ ተነስተው አጨበጨቡ።

አባቴ ወደኔ ዘወር አሉ። «ምን አሉ? ተቆጡ?»

«አልተቆጡም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ጭብጨባው?»

«አላመኑዎትም አባዬ።»

ገባቸው። ማይክሮፎኑን እንደ መዶሻ እጀታ በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ፊታቸው ደም መስሎ፣ «እንደገና ንገሪያቸው» አሉኝ። «ቀጥቃጭ ነው በያቸው። ጮኸሽ ንገሪያቸው።»

ጮኼ ነገርኳቸው። እንደገና አጨበጨቡ።